ተልባ ለምን አልተፈተለም?

በአዲስ አበባው የልደታ ሰፈር ጭማቂ ቤቶች ተልባ ከአቮካዶና ከማንጎ ጋር ተሰልፎ ይሸጣል። በጾም ወራት የሰፈሩ ምግብ ቤቶች የተልባ ፍትፍት ያቀርባሉ፤ በእህል ነጋዴዎች ደጃፍም ቡናማው ዘር ከኑግ፣ ከሱፍና ከሰሊጥ አጠገብ አፉ በተከፈተ ጆንያ ይታያል። ከዚሁ ተክል የተሠራ ጨርቅ የሚያቀርብ ሸማ ነጋዴ ግን በልደታም ሆነ የሸማኔው መናኸሪያ በሆነው በሽሮ ሜዳ የለም። የጥንት ግብፆች ሬሳቸውን የከፈኑበት፣ የአውሮፓ ባላባት ሸሚዝና የአልጋ ልብስ ያደረገው፣ የመርከብ ሸራ ሆኖ ውቅያኖስ ያቋረጠው በፍታ የሚፈተለው ከተልባ እግር ነው። ኢትዮጵያውያን ይህን ተክል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዘርተው፣ አጭደውና ወቅተው እግሩን ያልፈተሉት ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አያውቁም ነበር» ወይም «ጥበቡ አልደረሳቸውም» የሚል ነው። ይህ መልስ ከማስረጃው ጋር አይስማማም። የአገሩ ገበሬ፣ ፈታይና ባልትና ተልባን በምግብነት ያዘለቁት መሬቱን፣ ወቅቱን፣ ጉልበቱንና ገበታውን አመዛዝነው ነው፤ በዚህ ምርጫቸውም ብዙ የሚያሳፍር ነገር የለም።

በመጀመሪያ የተክሉን ዕድሜ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በዴቪድ ፊሊፕሰን መሪነት በአክሱም በተካሄደው ቁፋሮ የከሰለ የተልባ ዘር ከስንዴና ከገብስ ጋር ተገኝቷል። በአስመራ ዙሪያ በተቆፈሩት፣ ከአክሱም መንግሥት በሚቀድሙት የኦና መንደሮችም ተልባ ከገብስና ከምስር ጋር ወጥቷል። የመጣውም ከእነዚህ ጓደኞቹ ጋር ነው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስርና ተልባ በቅርብ ምሥራቅ ለማዳ ሆነው በቀይ ባሕር ወይም በዓባይ ሸለቆ በኩል ወደ ደጋው የወጡ ሰብሎች ናቸው። እዚህ ከደረሱ በኋላ ግን የአገሩን አፈርና ዝናብ ተላምደው ብዙ ዓይነት መልክ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1927 መጀመሪያ ላይ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም በበቅሎ እየተጓዘ ዘር ሰበሰበ። ካስገረሙት ነገሮች አንዱ ተልባ ነበር። በሌላው ዓለም ለቃጫ ወይም ለዘይት የሚዘራውን ተክል የሐበሻ ገበሬ እንደ እህል ዘርቶ፣ ዘሩን ፈጭቶ እንደሚበላው ተመለከተ። ተክሎቹም አጫጭር፣ ቶሎ የሚደርሱና ብዙ ቅርንጫፍ የሚያወጡ ነበሩ። ለቃጫ የሚዘራ ተልባ ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ቅርንጫፍ የሚያወጣውም ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ትውልድ የሚመጣ አይደለም። ከየአዝመራው ዘር የበዛለትን ተክል እየመረጠ ለዘር ያስቀመጠ ገበሬ በረጅም ዘመን የሠራው ሥራ ነው።

«ከተልባ ጨርቅ እንደሚወጣ ባያውቁስ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት ስላለው በቀጥታ መመለስ ይገባዋል። የቀይ ባሕርን ንግድ የሚዘረዝረው የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የግሪክ መጽሐፍ፣ ፔሪፕለስ፣ በአዱሊስ ወደብ ይራገፉ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል በግብፅ የተሠሩ ልብሶችንና የበፍታ ጨርቆችን፣ እንዲሁም ከህንድ የሚመጣ የጥጥ ጨርቅን ይጠቅሳል። እንግዲህ የአክሱም ሰው ተልባን በማሳው እያበቀለ በፍታን በወደቡ ይገዛ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውም ዘመን ቢሆን መረጃ የተቋረጠበት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ወይም ሲነበብ የሚሰማ ሁሉ የካህናቱን የበፍታ ልብስ ያውቃል፤ ረዓብ ሰላዮቹን ሰገነት ላይ በተከመረ የተልባ እግር ውስጥ እንደሸሸገችም ሰምቷል። ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ታስመጣ ነበር፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ መነኮሳትም የበፍታ አገር በሆነችው በግብፅ ያልፉ ነበር። ይህ ግንኙነት የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር የልደታ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጀምር መድረሻው በአስመራ በኩል ካይሮ ነበር። የሁለቱ አገሮች መንገድ በእግር፣ በበቅሎ፣ በመርከብና በአውሮፕላን ለብዙ መቶ ዓመታት ክፍት ሆኖ ሳለ የፈትል ዕውቀት ብቻ መንገድ ጠፍቶት ቀረ ማለት አያስኬድም። ዕውቀቱ ነበረ፤ ያልነበረው አስፈላጊነቱ ነው።

አስፈላጊ ያልሆነበትን ምክንያት ለማየት ሁለቱን የፈትል ሥራዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ጥጥ ከተለቀመ በኋላ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ፣ ያለ ውኃና ያለ እሳት፣ ወጥ እስኪበስል ወይም ልጅ እስኪተኛ ባለው ክፍተት የሚሠራ ነው። ሴቲቱ እንዝርቷን ማንሳትና ማስቀመጥ በፈለገች ጊዜ ትችላለች፤ ልቃቂቱ ሲበቃ ድሩና ማጉ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። የተልባ ፈትል እንዲህ አይደለም። ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል እንጂ አይታጨድም፤ ቃጫው ረጅም ሆኖ መውጣት አለበትና። ዘሩ ከተራገፈለት በኋላ ነዶው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ወይም በጤዛ ተኝቶ ይበሰብሳል፤ ትንሽ ካነሰው ቃጫው አይላቀቅም፣ ትንሽ ከበዛበት ራሱ ቃጫው ይበላሻል። ቀጥሎ ይደርቃል፣ ይሰበራል፣ ይደበደባል፣ በብረት ጥርስ ይበጠራል። ተፈትሎና ተሸምኖ ካለቀም በኋላ ጨርቁ እንደ ጥጥ ነጭ ስለማይሆን ለሳምንታት ፀሐይ ላይ እየተሰጣና እየታጠበ መንጣት ይኖርበታል። ነጭ ልብስ የበዓል፣ የቤተ ክርስቲያንና የክብር ልብስ በሆነበት አገር፣ ከተፈጥሮው ነጭ የሆነ ጥጥ እያለ ግራጫውን ለማንጣት የሚደክም አይገኝም። ጥጡም ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ጽሑፍ በኖባዎች ላይ ባደረገው ዘመቻ የእህልና የጥጥ ማከማቻዎቻቸውን እንዳጠፋ ይናገራል፤ በአክሱም ቁፋሮም ከአክሱም ዘመን ንብርብር የጥጥ ፍሬ ወጥቷል።

ወቅቱም ለበፍታ የሚመች አይደለም። በደጋው ተልባ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ የሚደርሰው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ዝናቡ ቆሞ ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ ነው። ዘሩን ለማድረቅና ለመውቃት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። እግሩን ሜዳ ላይ አስተኝቶ በእርጥበት ለማበስበስ ግን ይህ የከፋው ወቅት ነው። ዛሬም የዓለም ምርጥ የተልባ ቃጫ የሚመጣው ከሰሜን ፈረንሳይ፣ ከቤልጅየምና ከኔዘርላንድ የባሕር ዳርቻ ነው፤ እዚያ በአዝመራው ጊዜ ዝናቡና ፀሐዩ እየተፈራረቁ ነዶውን ያለ ሰው ድካም ያላቅቁታል። በኛ ደጋ ይህን ለመተካት ነዶውን ወንዝ ውስጥ መዘፍዘፍ ያስፈልግ ነበር፤ የበሰበሰ ተልባ ውኃውን ያገማል፣ ዓሣም ይገድላል። ወንዙ በሚቀንስበት በበጋ፣ ሰውና ከብት ከአንድ ምንጭ በሚጠጡበት መንደር ይህን የሚፈቅድ ጎረቤት አይኖርም። በዚያ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ የስንዴው፣ የገብሱና የጤፉ አጨዳና ውቂያ የሚደራረቡባቸው ወራት ናቸው፤ ለተልባ እግር የሚተርፍ ክንድ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። ጥጥ የቆላ ተክል ነው፤ ተልባ ግን የሚበጀው ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ባለው ደጋ ነው። ታዲያ ጥጥ የማይበቅልበት የደጋ ሰው በደጁ ባለው ተልባ መልበስ አይቀናውም ነበር? ክርክሩ ደጋና ቆላ በሚራራቁበት አገር ቢሆን ያሸንፍ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሁለቱ በአንድ ገደል አፋፍና ግርጌ የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው። በሸዋ፣ በወሎ፣ በጎጃምና በጎንደር ጥጡ ከቆላው ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል፤ የደጋው እህልና ከብት ወደ ቆላው ይወርዳል። ገበሬው ልብሱን በማሳው ማብቀል አላስፈለገውም፤ በእህሉ ይለውጠዋል። ከብርዱ የሚያድነውን ደግሞ ከበጉ ያገኘዋል። ጥጥ ከማይደርስበት ከመንዝ ከፍታ የወጣው ዝነኛ ልብስ ከሱፍ የተሠራው ባና ነው፤ በፍታ ሙቀትን የሚያበርድ ጨርቅ በመሆኑ ለመንዝ ቁር አይረዳም ነበር። በደቡብ ለገመድና ለማሰሪያ የእንሰት ቃጫ አለ። ስለዚህ የተልባ እግር ሊገባበት የሚችለው ቦታ ሁሉ፣ ነጩ ልብስ፣ ወፍራሙ ልብስና ገመዱ፣ አስቀድሞ የተሻለ ባለቤት ነበረው።

ዘሩ ግን ማንም በቀላሉ የማይተካው ሥራ ነበረው፤ እርሱም የጾም ገበታ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ይፈጃል፤ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ፣ ገሃድ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ጠንቅቆ የሚጾም ሰው ከዓመቱ ከ200 ቀን በላይ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ አይቀምስም። በእነዚያ ቀናት ቅባት ሊሰጠው የሚችለው ዘር ብቻ ነው። ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ በውኃ ሲበጠበጥ በጨውና በሚጥሚጣ እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ወጥ ይሆናል፤ በማር ተበጥብጦ ይጠጣል። አዝመራውና ጾሙም ይገጣጠማሉ፤ አዲሱ ተልባ ከአውድማ የሚገባው ኅዳር 15 በሚጀምረው በጾመ ነቢያት ነው። ፍላጎቱ የሚወጣውና የሚወርደው በባሕረ ሐሳብ ቀመር መሆኑን ከልደታ ይልቅ የሚያሳይ የለም። የሰፈሩ ታቦት ዓመታዊ በዓል ግንቦት 1 ቀን ነው። ትንሣኤ ከሚያዝያ 30 ስለማያልፍ፣ ግንቦት ልደታ ምንጊዜም ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾሙበት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል። ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ የሚበላው ንፍሮ ነው፤ የተልባ ገበያ በዚያ ሰሞን ቀዝቀዝ ይላል። በዓለ ሃምሳ ተፈጽሞ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ፣ በኋላም በነሐሴ ፍልሰታ ሲደርስ፣ ሙቀጫው እንደገና ይሰማል።

በዚህም ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያርመን ይችላል፤ ተልባ በደጋው የተዘራው ክርስትና ከመግባቱ በፊት ነው፣ ሙስሊሙም ቢሆን ተልባ ይጠጣል፣ ታዲያ ጾም እንዴት ምክንያት ይሆናል? እርማቱ ልክ ነው፤ ጾም የተልባን መበላት አልፈጠረም። ያደረገው ነገር ቢኖር ቀድሞ የነበረውን አመጋገብ በየዓመቱ የማይቀር ፍላጎት መስጠት ነው፤ ይህ ፍላጎትም ገበሬው ከቃጫ ይልቅ ዘር የሚበዛለትን ተክል እንዲመርጥ ያበረታው ነበር። ከጾሙ ውጭም ተልባ ሌላ ማዕረግ አለው። ጨጓራ ለሚያቃጥለውና ሆድ ለደረቀበት ይሰጣል፤ የመውለጃዋ ቀን የደረሰች ነፍሰ ጡር ምጡ እንዲቀላት ተልባ የምትጠጣበት ልማድም በብዙ አካባቢ የታወቀ ነው። ለሆድ ድርቀት መርዳቱን ዘመናዊው ሕክምና ይቀበለዋል፤ ለምጥ ይረዳል የሚለው ግን እምነት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ልማዱ አንድ ነገር ያሳያል፤ ሕዝቡ ተልባን የሚያውቀው በልዝነቱና በማለስለሱ ማለትም በዘሩ እንጂ በእግሩ አይደለም።

ዘይቱስ? ተልባ ከክብደቱ ከመቶ 40 ገደማ ዘይት ሆኖ ሳለ የአገሩ ዋና የምግብ ዘይት ሊሆን ያልቻለው ለምንድን ነው? መልሱ ከዘይቱ ጠባይ ይወጣል። ከግማሽ በላይ የሆነው የተልባ ዘይት ኦሜጋ 3 የሚባለው የቅባት ዓይነት ነው፤ ይህ ቅባት ለጤና የተወደሰ ቢሆንም አየር ሲነካው ቶሎ ይሻግታል፣ በስሱ ከተቀባም ደርቆ ይጠነክራል። አውሮፓውያን ለሥዕል ቀለምና ለእንጨት ቅብ የወደዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን የወለል ንጣፉን ሊኖሊየም የፈለሰፈውም ከደረቀ የተልባ ዘይት ነው። ወለል የሚሆን ዘይት ለድስት ጥሩ ወዳጅ አይደለም። ለድስቱ በዚሁ በኢትዮጵያ ምድር ለማዳ የሆነው ኑግ ነበር፤ ኑጉ ለዘይት፣ ተልባው ለበጥባጣ፣ ጎመን ዘሩ ለምጣድ ማሰሻ ተከፋፈሉት። ባልትናው ተልባን የያዘበት መንገድም ከዚህ ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። ዘሩ ሳይፈጭ ለዓመታት ይቀመጣል፣ የሚያስፈልገው ብቻ ይቆላል፣ በዕለቱ ይወቀጣል፤ ስለዚህ ቅባቱ ከቅርፊቱ ሳይወጣ አይሻግትም። መቁላቱም ጥቅም አለው፤ በጥሬው ዘር ውስጥ ሳያናይድ ሊያወጡ የሚችሉትን ውሁዶች ይቀንሳል። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረት ተልባን የሚያውቀው ምጣድና ሙቀጫ ላይ ነው፤ እንዝርት ላይ ያስቀመጠው ተረት አልተሰማም።

የመጨረሻው የታሪክ ጥያቄ የትኛው ይቀድማል የሚለው ነው። ጥንት ለቃጫ የተለመደው ተክል ኢትዮጵያ ሲደርስ ጥበቡ ተረስቶ ወደ ምግብነት ወረደ የሚል ግምት ሊቀርብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የሮቢን አላቢና የባልደረቦቹ የዘረመል ጥናት ግን ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ተልባ መጀመሪያ የለመደው ለቃጫው ሳይሆን ለዘሩ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አግኝቷል። በአንድ ጥናት ብቻ የኢትዮጵያ ገበታ የመጀመሪያው ገበሬ ገበታ ቀጥተኛ ወራሽ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በመካከል ብዙ ሺህ ዓመታትና ብዙ አገሮች አሉ። ሆኖም «ወረደ» የሚለውን ቃል ለመተው ይበቃል። ተልባን መብላት ከመፍተል ያነሰ ወይም የዘገየ ደረጃ አይደለም። እንዲያውም አውሮፓና ግብፅ ራሳቸው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፍታን ወደ ጎን ትተው ወደ ጥጥ ዞረዋል፤ የኢትዮጵያ ፈታይ እዚያ የደረሰችው ያለ ፋብሪካ፣ ከእነርሱ ብዙ ቀደም ብላ ነው።

በዛሬ ዓይን «አንድ ተክል ሁለት ጥቅም እያለው አንዱን መጣል ብክነት ነው» የሚል ይኖራል። በተክሉ ላይ ግን ሁለቱ ጥቅሞች ይሻማሉ፤ ለጥሩ ቃጫ ዘሩ ሳይበስል መንቀል፣ ለጥሩ ዘር ደግሞ ግንዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ካናዳ ከዓለም ታላላቅ የተልባ ዘር አምራቾች አንዷ ናት፤ ካፒታሉም ማሽኑም አላት፤ የበፍታ አገር ግን አልሆነችም። ገለባው እዚያም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው እርሻ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሚባክነው ነገር ሌላ ነው። ተልባ ዛሬም በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ይዘራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መሬት ግን ለስንዴና ለገብስ ያልበቃው ነው። የሆለታና የቁሉምሳ ምርምር ማዕከላት እንደ ጭላሎ፣ በላይ 96 እና ቁሉምሳ 1 ያሉ ዝርያዎችን አውጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋምም የገበሬውን ዘር ሰብስቦ ያቆያል። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ወጥ የሚሠራው በአብዛኛው ከውጭ በመጣ የፓልም ዘይት ነው፤ ኦሜጋ 3 የሚፈልገውም የከተማ ሰው የታሸገ እንክብል በውድ ዋጋ ሲገዛ ኦሜጋ 3 ያለው ዘር በሰፈሩ ጆንያ ውስጥ እንዳለ አያስተውልም።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ከተልባ በፍታ አላወጣችም፤ ልታወጣም አይገባትም ነበር፤ ጥጥ፣ ሱፍና እንሰት ባሉበት፣ በጋው ደረቅ በሆነበት፣ ጾሙ በበዛበት አገር ዘሩን መምረጥ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ይህን ምርጫ ያወረሱን ሰዎች በዘር መረጣቸው ያቆዩልንን ዝርያ የማቆየት ግዴታ ግን በእኛ ላይ ወድቋል። የግብርና ምርምሩ የአገሬውን ዝርያ ከአዳዲሶቹ እኩል ቦታ ይስጠው፤ የምግብ ኢንዱስትሪውም ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባን ሳይሻግት ለገበያ የሚያደርስበትን ዘዴ ይፈልግ። የልደታ አንባቢ ደግሞ ተልባ ሲገዛ ዘሩን ሙሉውን ይግዛ፣ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ቆልቶ ይፍጭ፤ እናቶቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ሳይንሱም የሚመክረው ከዚህ አይለይም።